ለእኔ የሚቀረው ጉበት

የካቲት 10፣ ሰኞ

ሥጋ ቤት ዋልኩ። ጾም ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል፤ የኮልፌ ክርስቲያን ከብት የሚባል ፍጥረት ነገ ከምድር የሚጠፋ ይመስል ተሰልፏል። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ባጫ ሒሳብ መቀበያው ላይ ተሰይመው "ለሁሉም ይደርሳል ልጆቼ" ይላሉ። እንደ ጳጳስ። እኔ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ እቆርጣለሁ። እንደ ዲያቆን።

አንድ ጎልማሳ ጉበት አዘዘ። ሰጠሁት፤ አገላብጦ አየውና "ይሄ ነጣ አላለም?" አለኝ። ልክ ነው። የድልብ በሬ ጉበት ነው። ሲቀልቡት የከረመ ከብት ስቡ ጉበቱ ድረስ ይገባል፤ ይነጣል፣ ሲነኩት ይልፈሰፈሳል። ከሌላ በሬ ቀየርኩለት። የሥጋ ቤት ሀሁ ናት ይህች…

ቤት ስገባ ፅዮን ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ታናሽ እህቴ። ዓይኗ ቢጫ፣ ክንዷ ስንጥር፣ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ መውለጃዋ የደረሰ መስላለች። ቫይረስ ነው። ጉበቷን ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ሲበላ ኖሮ አሁን ማዕዱን ሊያነሳ ነው። ሐኪሟ አሳጥሮ ነግሮናል፦ ከጤነኛ ሰው ጉበት ተቆርጦ ካልተተከለላት ዓመቱን አትጨርስም። እማዬ ስኳር አለባት፣ አባባ ከሞተ ቆየ። የደም ዓይነቷም የሚገጥመው ከእኔ ነው። ዕጩ አንድ፤ ምርጫው ነፃና ፍትሐዊ።

ነገ ጉበቴ ይለካል።

"ፈራህ?" አለችኝ ፅዮን።

ስንት ዘመን ጉበት መዝኜ ስሸጥ የኖርኩ ሰውዬ መመዘን አልፈራም አልኳት። ፈርቻለሁ ግን።

የካቲት 11

ክቡር ጉበቴ በይፋ ተለካ።

የሲቲ ስካን ባለሙያው ዮኤል ይባላል፤ ረጋ ያለ ልጅ። ክንዴ ላይ መርፌ ሰካና አስጠነቀቀኝ። መድኃኒቱ ሲገባ መላ ሰውነትህ ይግላል፣ የሸናህ ይመስልሃል፣ አልሸናህም። እንዲህ ያለ ግልጽ ማረጋገጫ ከየትኛውም ቢሮ አግኝቼ አላውቅም። እውነትም ጋለ። እውነትም መሰለኝ። በእጄ ፈትሼ አረጋገጥኩ… ደረቅ።

ትንፋሽ ያዝ። ልቀቅ። ያዝ። ልቀቅ።

ሲያበቃ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። ጉበቴን እንደ ዳቦ በስሱ ቆራርጦታል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ጠርዝ ጠርዙን በአረንጓዴ መስመር ይከባል፣ ከዚያ ሁሉንም ይደምራል። የተደመረው የጉበቱ መጠን ነው። ከዚያ ደግሞ በምናብ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ይሄ ለሷ፣ ይሄ ለእኔ። ቢላ የለ፣ ሚዛን የለ፣ ደም የለ። ለጋሽ ባጫ ብነግራቸው ከሥራ ያባርሩኛል።

የካቲት 15

ውጤት መጣ። ሜቲ አስጠራችን። ሜቲ ሕመምተኞችን ወደ ሕንድ ሆስፒታል የሚልክ ቢሮ ውስጥ ናት፤ የሐኪሙን እንግሊዝኛ እኛ ወደሚገባን ቋንቋ ትመልሳለች። ሐኪሙ በስክሪን መጣ፤ ጢሙ የተከረከመ፣ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ።

ጉበቴ አንድ ሊትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ትልቁን፣ ቀኙን ለፅዮን ይወስዳሉ። ለእኔ የሚቀረው ከመቶ ሠላሳ ሦስት እጅ ነው። ከሠላሳ በታች ቢሆን አይነኩኝም ነበር፤ የተረፈው እስኪያድግ ድረስ እኔን ብቻውን ማኖር አለበትና። ጠባብ ነው፣ ጉበቱ ንጹሕ ስለሆነ ግን ይሆናል አለ። ቪዛው፣ ወረቀቱ፣ ምኑ… ከወር በላይ ይፈጃል። ከመሄዳችን በፊት ዳግም ይለካል።

እስከዚያ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኩ።

"እንዳለህ ቆይ" አለ። ሜቲ ተረጎመችው። ሦስት ጊዜ ያስተረጎምነው ሌላ ሌላውን ነው፤ ይህችን ግን በአንድ ጊዜ አለፍናት።

ከዚያ ሁሉ ንግግር እማዬ ይዛ የወጣችው "ጠባብ" የምትለዋን ቃል ነው። በራችን ላይ ስንደርስ፣ "ትንሽ ከሆነ እናሳድገዋለን" አለች።

የካቲት 16፣ ቅበላ

የንስሐ አባታችን መጡ። እማዬ ጉዳዩን አቀረበች። ልጄ ግማሽ ጉበቱን ለእህቱ ሊሰጥ ነው፤ ለእሱ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ጾሙ ከጎዳውስ? አባ ጢማቸውን አሻሹ። ደግ ሰው ናቸው። የታመመ እንዲበላ ተፈቅዷል፣ ይህም ከዚያው ይቆጠራል፣ ነፍስ ለማዳን ነው አሉ። ጾሙን እሳቸው ሊጾሙልኝ ቃል ገቡ።

በታሪክ ጉበቱ ከጾም በአዋጅ ነፃ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

የካቲት 23

አገር ሁሉ ይጾማል። ሥጋ ቤቱ ዝግ። እኔ እበላለሁ።

ጠዋት አምስት እንቁላል በቅቤ። ረፋድ ወተት። ምሳ ቅቅል። መክሰስ ገንፎ፣ መሐሉ ላይ የቅቤ ሐይቅ። እራት… እራቱን ልተወው። እማዬ ላቱ መሬት ሊነካ የደረሰ በግ ገዝታ ባኞ ቤት ደበቀችው፤ ጎረቤት በሑዳዴ በግ ሲጮህ እንዳይሰማ። ማታ እኔው ባረክሁት። ላቱን ጠብሳ ለብቻው ሰጠችኝ። "ይሄ ነው ጉበት የሚሆነው" አለች፤ ከማን እንደተማረች አልጠየቅኩም።

ሽታውስ? መላ ተገኝቷል። ነፋሱ ከቆሼ በኩል ሲነሳ ነው የምናበስለው። የከተማው ቆሻሻ ክምር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰፈሩ አገልግሎት ሰጠ። ዛሬ ግን ነፋሱ ከመሐል ዞረብን። ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽ በአጥሩ በኩል "ወለተጻድቅ፣ ሰው ሞተብሽ ወይስ ሃይማኖት ቀየርሽ?" አለቻት። እማዬ "መድኃኒት ነው" አለች።

መጋቢት 4

ሱሪዬ አልቆለፍ አለ። እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

መጋቢት 11

ፅዮን ትናንት ሆስፒታል ሆዷ ተቀዳ። ቢጫ ውሃ፣ በጠርሙስ በጠርሙስ። ሲወጣላት ቀለል አላት፤ ቤት ስንደርስ የሕፃን ገላ አክላለች። ጨው አይቀመስም፣ ቅባት አይቀርብም። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ጎድን እግጣለሁ። ሌላ ክፍል ልብላ ብል እምቢ አለች።

"የእኔን ጉበት እየቀለብክልኝ ነው፤ ልየው" አለች።

ሳቅን። እማዬም ሳቀች። ከዚያ ፅዮን ማስታወክ ጀመራት።

መጋቢት 18

ሁለተኛው ልኬት። ሲጋል አልደነገጥኩም፣ አልፈተሽኩም፤ ነባር ደንበኛ ነኝ።

ዮኤል አረንጓዴ መስመሩን እየሳበ ነው። ጨምሯል? አልኩት። ውጤት የሚሰጡት ሐኪሞቹ ናቸው አለ። ሳልለቀው ስቀር፣ በመጠኑ አዎ፣ ጨምሯል አለኝ። ፊቱ ግን አልፈታም። እኔ ምኑን ልየው… እየሮጥኩ ነው የወጣሁት።

ቤት ስነግር እማዬ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ቆመች። ጉበቱ አደገ። እትዬ ድንቅነሽ ተጠርታ ተነገራት፤ የበጉም ምሥጢር ተገለጠላት፤ እሷም ይቅር አለችን። ማታ የመጨረሻው የበግ ሥጋ ተበላ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሜቲ ለብቻዬ ጠራችኝ። ለብቻህ ስትል ነው የገባኝ።

ጉበቴ አድጓል። ያደገው ግን ጉበት ሆኖ አይደለም፤ ስብ ነው። ስዕሉን አሳየችኝ። ጤነኛ ጉበት እዚህ ስዕል ላይ ከአጠገቡ ካለው ጣፊያ ደመቅ ብሎ መታየት አለበት፤ የእኔ ከጣፊያው ጠቁሯል። እንዲህ ያለ ጉበት ቢቆረጥ የሚተከለው ላይሠራ ይችላል፣ ለእኔ የሚቀረው ሠላሳ ሦስት እጅም እኔን ላያኖር ይችላል። ሐኪሙ አልተቀበለውም።

እኛ ጋ ይነጣል፣ እነሱ ጋ ይጠቁራል። ነገሩ አንድ ነው። የድልብ በሬ ጉበት። ደንበኛ "ነጣ" ሲለኝ ሳልከራከር የቀየርኩት እኔ… ስንት ዘመን በእጄ ሳገላብጠው የኖርኩት… እንዴት አላሰብኩትም? እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ላቱ ይጣፍጥ ነበር።

ሜቲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሐኪሙ "ምን ሲበላ ነው የከረመው?" ብሎ እንደጠየቃት ነገረችኝ።

ተስፋ አለ። ጉበት ስቡን ይለቃል። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ብዙ እርምጃ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለካል። "በቃ ጾመኛ ሁን ማለት ነው" አለችኝ ሜቲ፤ ፕሮቴስታንት ናት፣ የእኛን ወራት አትከታተልም። ወቅቱን አልነገርኳትም።

ብጾም ኖሮ… እንደ ማንም ሰው፣ እንደ እትዬ ድንቅነሽ ብጾም ኖሮ…

ፅዮን አምስት ሳምንቱን ትቆያለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሜቲ ወረቀቶቹን ማስተካከል ጀመረች።

መጋቢት 23

ለፅዮን ነገርኳት። እማዬ ቅዳሴ ሄዳ ነበር።

መጀመሪያ ሳቀች። እስክታስል ሳቀች። "በበግ ላት ልሞት ነው?" አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋን ያዝኩ፤ አጥንት ነው የያዝኩት።

"እማዬ እንዳትሰማ" አለችኝ ሳትዞር።

"ካልነገርኳት እንዴት ማብላቷን ትተዋለች?"

"ምክንያት ፈልግለት። ለውሸት ተቸግረህ አታውቅም። እኔ ባልተርፍ በእጇ እንደገደለችኝ ነው የምትቆጥረው… ወንድዬ፣ እንዳትሰማ። ማልልኝ።"

ማልኩላት።

መጋቢት 25

ውጤቱ ገና ነው፣ በድጋሚ ይለካል አልኩ ለእማዬ። ስእለትም አለብኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ቅቤም ሥጋም አልቀምስም አልኩ።

"ለማን የተሳልከው?"

ለመድኃኔዓለም አልኩ። ይቅር ይበለኝ።

እማዬ እንቁላሉን ይዛ ቆመች። አባ ፈቅደው የለም ወይ፣ አድጎ የለም ወይ፣ አሁን ሲያድግ ልታቀጭጨው ነው? እኔ መልስ ሲጠፋኝ ቤቱ ራሱ ይደነግጣል።

ሚያዝያ 2

እሄዳለሁ። ታክሲ ትቻለሁ። ከቤት አጠና ተራ፣ ከአጠና ተራ ወደ ላይ፣ ዳገቱን፤ አንዳንዴ ሳንሱሲ ድረስ። ዱቄት ተሸካሚዎች ያልፉኛል። ሽሮዬ ያለ ዘይት ነው፣ ጣዕሙ እንደ ግድግዳ ቀለም ነው።

ዛሬ ስመለስ እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። እትዬ ድንቅነሽ ያለችውን ይዛ ነው። ልጁ ፈርቷል፤ ሆን ብሎ ራሱን አክስቶ "አትሆንም" እንዲሉት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ወንድይፍራው ብለው ስም ያወጡልኝ ሰዎች ፈራ ይሉኛል።

"እውነት ነው?" አለችኝ እማዬ።

ከውስጥ ፅዮን ታስላለች። እየሰማች ነው።

"ስእለት ነው" አልኩ።

"እህትህ ናት እኮ" አለችና ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ እመልሳለሁ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ሌሊት ቤተ ክርስቲያን፣ ንጋት ላይ ሥጋ ቤት። ጋሽ ባጫ ሦስት በሬ ጥለዋል። ስቆርጥ ዋልኩ፤ ከጣቴ ላይ እንኳ አልላስኩም። "በፋሲካ ያልፈሰከ ሥጋ ቆራጭ" ብለው ደንበኞች ተሳለቁብኝ። ለእያንዳንዳቸው የሚሆን መልስ ነበረኝ። አልተጠቀምኩበትም።

ቤት ስገባ ዶሮው ቀርቧል። እማዬ አኩርፋም ቢሆን ሠርታለች፤ ከዘመድ የመጡም አሉ። እንጀራውን በቅቤው አጥቅሳ፣ ሥጋ ጠቅልላ፣ እጇን ወደ አፌ ዘረጋች። ሁሉም እያየ ነው። ፅዮን ከሶፋው ላይ ታየኛለች፤ ዓይኗ ከእንቁላሉ አስኳል ይልቅ ቢጫ ነው።

አፌን አልከፈትኩም።

እጇ አየር ላይ ቆየ። መረቁ በጣቶቿ መሐል እየወረደ ወደ ክርኗ… ከዚያ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው፣ እጇን ታጠበች።

ሚያዝያ 24

ፅዮን ደም አስታወከች። ባልዲ ሙሉ ነው የመሰለኝ። ደም የለመደ እጄ አፏን ከመጥረግ ሌላ የሚሠራው አጣ። ሆስፒታል ገባች። አስቆሙት።

ሱሪዬ ወገቤ ላይ አይቆምም፤ በገመድ አስሬዋለሁ። እማዬ የኮሪደሩ ወንበር ላይ ሆና ገመዱን አየችው።

ሚያዝያ 29

ሦስተኛው ልኬት። ዮኤል ሲያየኝ ደነገጠ፣ ምን ሆነህ ነው የከሳኸው አለኝ። ጾሜ ነው አልኩት። መስመሩን ሲስብ ፊቱን ብቻ አየሁ። ፈታ ያለ መሰለኝ። አልጠየቅኩም። ባለፈው ጠይቄ ምን አተረፍኩ።

ከዚያ ቀጥታ ፅዮን ዘንድ። "ስንት ደረስን?" አለችኝ፤ ገበያ የላከችኝ ይመስል። ጥሩ ይመስላል አልኳት። እጄን ጨመቅ አደረገችው፤ ጉልበቷ ያ ብቻ ነበር።

ግንቦት 2

ፅዮን ንጋት ላይ አረፈች።

ግንቦት 4

ድንኳን። የዕድሩ ወንበር። ለቀስተኛ ይገባል፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይላል፣ ተቀምጦ ወደ እኔ ያያል። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦ "ይሄ ነው ወንድሟ? እሺ ብሎ ነበር አሉ፣ በኋላ…" በኋላ የሚለውን በከንፈር መጠጣ ጨረሱት።

ስልኬ ጠራ። ሜቲ። አልሰማችም ነበር። ድምፅዋ ደስ ብሎታል፤ ለቢሮ ሠራተኛ ከሚገባው በላይ። ስቡ ጠፍቷል፣ ጉበቱ ንጹሕ ነው፣ የሚቀርልህ ሠላሳ ሦስት እጅ፣ እንደ መጀመሪያው። ሐኪሙ ተቀብሏል። ቪዛውም ወጥቷል። እንኳን ደስ አላችሁ አለችኝ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳት። ምን ልበላት? ነገ ትሰማለች።

ተመልሼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። እማዬ ከሴቶቹ መሐል ማን ነው የደወለው በሚል ዓይን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። የሥራ ነው።

ግንቦት 22

ሥጋ ቤት ተመልሻለሁ። ጉበት የሚያዝ ሲመጣ ጋሽ ባጫ ራሳቸው ተነስተው ይቆርጣሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ቤት ውስጥ ድምፅ የለም። እማዬ ምግብ ሠርታ ክዳን ደፍታበት ትተኛለች። ና የለም፣ ብላ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ "ብላ" ከሚለው ቃል ስሸሽ ኖሬ አሁን ጆሮዬን አቁሜ እጠብቀዋለሁ። ፈሪ ነው ብላ አምናለች። ይሁን። ለፅዮን የማልኩት ይኸው ነው። እሷ እኔን ትጥላ፣ ራሷን ከምትጠላ።

አንድ ቀን ከጠየቀችኝ መልሱን አዘጋጅቻለሁ። ፈርቼ ነው እላታለሁ። አጭር ናት። አትከብድም።

ሰኔ 11

አርባዋ ወጣ። ሰው በልቶ ሄደ። የሰኔ ጾም ነውና ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። አባ ጸሎት አድርሰው ሲወጡ ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ፤ እሳቸውም የሰሙትን ሰምተዋል።

እኔና እማዬ ሶፋው ላይ ቀረን። ፅዮን የተኛችበት ጉድጓድ አሁንም ሶፋው ላይ አለ፤ ሁለታችንም ዳር ዳር ነው የተቀመጥነው።

"አሁን ንገረኝ" አለች። "መጨረሻ ላይ ምን አሉህ?"

ፈርቼ ነው። ይህችን ነበር ማለት የነበረብኝ። አፌ ላይ ነበረች። ግን ደክሞኛል… አርባ ቀን ሙሉ በዚያ ዓይን መታየት ደከመኝ። አንድ ሰው፣ ከሁሉም ሰው እሷ፣ ፈሪ እንዳልነበርኩ እንድታውቅ ፈለግኩ። እውነቱን መናገር አልችልም፤ ሌላ ውሸት አነሳሁ፣ ለእኔ የምትመቸውን።

"አልፈራሁም እማዬ። ከመጀመሪያም አይሆንም ነበር። ሲፈጠር ነው ትንሽ የሆነው። ምንም ቢደረግ አያድግም አሉ።"

ፊቷ ለስለስ ያለ መሰለኝ። ተሳካልኝ ብዬ ነበር።

"አንተን ያረገዝኩ ጊዜ" አለች ቀስ ብላ፣ "አባትህ ከጦር ሜዳ ባዶ እጁን የመጣበት ዓመት ነው። ደመወዝ የለ፣ ምን የለ። ቆሎ ነበር የምበላው። በውሃ። ስትወለድ አዋላጇ አይታህ 'ይሄ ሙሉ ሰው አይደለም' ብላኝ ነበር… ያኔ ነው ጉበትህ የቀረው። እኔ ነኝ።"

አይደለም እማዬ አልኳት። እንደሱ አይደለም፣ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ታዲያ ከምን ጋር ነው የሚገናኘው? ብትለኝ የምመልሰው የለኝም። እሷም አልጠየቀችኝም። ተነስታ ትራፊውን ሰበሰበች፤ አንድ ሳህን ላይ አደረገችና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ ጉድጓዱ ላይ።

"ያኔ በደንብ ብበላ ኖሮ" አለች። ሽሮውን በእንጀራ ጠቀለለች። እጇን ዘረጋች።

ቀልድ ፈለግኩ። አንድ ቀልድ፣ ፅዮን ብትሰማው የምትስቅበት። አልመጣም።

አፌን ከፈትኩ።